የግድቡ ሒሳብ ሲታሰብ

መንግሥት አንድ ትልቅ ሥራ በጀመረ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር እንሰማለን። አንደኛው ወገን የግድቡን ቁመት፣ የመንገዱን ርዝመትና የፈሰሰውን ሲሚንቶ ቈጥሮ «አገር ለማች» ይላል። ሁለተኛው ወገን የወጣውን ገንዘብ ቈጥሮ «አገር ተበላች» ይላል። በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በምግብ አዳራሻችን የሚነሣው ክርክር ከነዚህ ከሁለቱ ርቆ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አላየንም። ሁለቱም ወገኖች ሲሚንቶውንና ገንዘቡን በትጋት ይቈጥራሉ፤ ሰውን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው። ሰው ሳይቈጠር የተዘጋ ሒሳብ ደግሞ፣ ድምሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ የጐደለ ሒሳብ ነው እንላለን።

ይህን አሳባችንን ለማስረዳት የመረጥነው ምሳሌ ሩቅ ነው። የቅርቡን ነገር ስናነሣ ስሜት ይቀድመናል፤ የሩቁን ግን ረጋ ብሎ መመርመር ይቻላል። በአሜሪካ አገር፣ በምሥራቅ ቴኔሲ፣ በክሊንች ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሎይስተን የምትባል አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ነበረች። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ወንዝ ላይ ግድብ ሠራ። በግድቡ አጠገብ ኖሪስ የምትባል አዲስ ከተማ ተቈረቈረች፤ ሎይስተን ግን ከነመንገዷ ውኃ ውስጥ ገባች። አንዱ ሥራ አንዲቱን ከተማ ሲያበራ ሌላይቱን አሰጠመ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዘመኑን እናስታውስ። በ1929 በኦክቶበር ወር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ባንኮች ተዘጉ፤ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ የእርሻ ሰብል ዋጋ አጣ። በ1933 ከአሜሪካ ሠራተኛ ሕዝብ ከአራቱ አንዱ ያህል ሥራ አልነበረውም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በማርች 1933 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ሲረከቡ ከፊታቸው የቆመው ጥያቄ ለተራበው ሰው ምጽዋት ይሰጠው ወይስ ሥራ የሚል ነበር። ምጽዋት ርካሽ ነው፤ ሥራ ግን መሣሪያ፣ ኃላፊ፣ መሐንዲስና ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል። ቢሆንም የርዳታውን ጉዳይ የያዙት ሃሪ ሆፕኪንስ ሥራው ይሻላል ብለው ተከራከሩ። ጤነኛና ጐልማሳ ሰው በየሳምንቱ ለልመና ተሰልፎ ቢውል ሆዱ ቢጠግብም ክብሩ ይሞታል የሚል እምነት ነበራቸው።

በዚህም እምነት መሠረት በ1933 መጨረሻ የተቋቋመው የሲቪል ሥራዎች አስተዳደር በአንድ ክረምት ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን በሥራ አሰማራ። በ1933 የተጀመረው የወጣቶች የደንና የአፈር ጥበቃ ጓድ እስከ 1942 ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ወጣቶችን አሠለፈ። የአንዱ ወጣት ደመወዝ በወር 30 ዶላር ሲሆን ከዚሁ ውስጥ 25ቱ በቀጥታ ለቤተ ሰቡ ይላክ ነበር። ከ1935 እስከ 1943 የቆየው የሥራዎች ዕድገት አስተዳደር ደግሞ በጠቅላላው ወደ 8 ሚሊዮን ተኩል ለሚሆን ሕዝብ በየጊዜው ሥራ ሰጠ።

እነዚህ ቍጥሮች ለጆሮ ትልቅ ናቸው፤ ትርጕማቸው የሚገባን ግን ወደ ትንሿ የገጠር ከተማ ስንወርድ ነው። ለአንዲት የገጠር ከተማ የሥራው ፍሬ ጭቃው የደረቀ መንገድ፣ ጣራው የማያፈስ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የንጹሕ ውኃ ቧንቧ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ነበር። የሥራዎች ዕድገት አስተዳደር ከሠራቸው ነገሮች መካከል ከ2 ሚሊዮን በላይ የገጠር መጸዳጃ ቤቶች ይገኛሉ። በዚህ የሚሥቅ ተማሪ ካለ የሆድ ትልና የአንጀት ተስቦ በገጠር ልጆች ላይ ምን እንደሚሠሩ የሕክምና ተማሪዎችን ይጠይቅ። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ደግሞ ሴቶች በፈረስና በበቅሎ መጽሐፍ ጭነው፣ ጅረቱን እየተሻገሩ፣ መንገድ ላልደረሰበት ቤት ሁሉ ያድሉ ነበር። ደመወዛቸውን የሚከፍለው ይኸው መሥሪያ ቤት ነበር። ለሥራ አጥ ሥራ መስጠት ጕድጓድ አስቈፍሮ መልሶ ማስደፈን ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ሁሉ ሊያስተባብሉ አይችሉም።

አሁን ወደ ክሊንች ወንዝ እንመለስ። የቴኔሲ ወንዝና ገባሮቹ በየጊዜው እየሞሉ ከተሞችን ያጥለቀልቁ ነበር። በተራራው ጥግ በቆሎ ሲዘራበት የኖረው መሬት አፈሩ ታጥቦ ተራቁቷል። በድቀቱ ዘመን ደግሞ ቀደም ሲል ወደ ፋብሪካ ከተሞች ሄደው የነበሩ ልጆች ሥራቸው ሲዘጋ ወደ አባቶቻቸው መሬት ተመልሰው ስለ ነበር ያው የደከመ መሬት ተጨማሪ አፍ መመገብ ነበረበት። የኔብራስካው ሴናተር ጆርጅ ኖሪስ ወንዙ በመንግሥት እጅ እንዲለማ ለብዙ ዓመታት ሲታገሉ፣ ያቀረቡት ሕግ በፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1928፣ በፕሬዚዳንት ሁቨር በ1931 ውድቅ ተደርጎባቸው ነበር። ሦስተኛው ሙከራ ግን ተሳካ፤ የቴኔሲ ሸለቆ ባለሥልጣንን ያቋቋመው ሕግ በሜይ 18 ቀን 1933 ተፈረመ። የባለሥልጣኑ የመጀመሪያ ግድብ ሥራ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተጀምሮ በ1936 ተፈጸመ። ቁመቱ 81 ሜትር፣ ርዝመቱ 567 ሜትር ያህል ነው። ስሙም በሴናተሩ ስም ኖሪስ ተባለ።

ስለ ሥራው አካሄድ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ የሚመሰገን ነገር ሳይመሰገን መታለፍ የለበትምና። ሕጉ ሠራተኛ በፖለቲካ ወገንተኝነት እንዳይቀጠር ከልክሎ ነበር። አማላጅ ይዞ መምጣት አልጠቀመም፤ አመልካቹ ፈተና ተፈትኖ ይመረጥ ነበር። የሥራው ጊዜ ለአንድ ሠራተኛ በቀን አምስት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት 33 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ፤ በቀን አራት ፈረቃ ነበር። የዚህ ምክንያት አንዱ ሥራ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ነው። ሠራተኛውም በተረፈው ሰዓት የእንጨት ሥራን፣ የኤሌክትሪክን፣ የእርሻን ትምህርት እንዲማር ተደረገ። የባለሥልጣኑ ሊቀ መንበር መሐንዲሱ አርተር ሞርጋን አስቀድሞ ተማሪዎች እየሠሩ በሚማሩበት በአንቲዮክ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። ግድቡንም እንደ ትምህርት ቤት አድርገው ያዩት ይመስለናል። ለሠራተኞቹ የተቈረቈረችው የኖሪስ ከተማም ቤቶቿ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ፣ መካከሏ ሰፊ መስክ፣ ዙሪያዋ ደን፣ የራሷ ትምህርት ቤት ያላት ነበረች። በዚያን ጊዜ፣ በ1935 ገደማ፣ በአሜሪካ ከአሥር የገበሬ ቤቶች አንዱ ብቻ ያህል ኤሌክትሪክ እንደ ነበረው ስናስብ የኖሪስ መብራት እንዴት ያለ አዲስ ነገር እንደ ነበር ይገባናል።

የሒሳቡ አንደኛ ገጽ ይህ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛ ግን ገጹን እንገልብጠው።

ውኃው እንዲተኛበት የተፈለገው መሬት ባዶ አልነበረም። ወደ 2900 የሚጠጉ ቤተ ሰቦች ቤታቸውን ለቀው መነሣት ነበረባቸው። ሎይስተን ሰባ ያህል ነዋሪዎች ብቻ ያሏት ትንሽ ከተማ ብትሆንም ለዙሪያዋ ገበሬ ሱቁም ፖስታ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም እሷው ነበረች። ፎቶግራፍ አንሺው ሉዊስ ሃይን በ1933 በዚያ ሸለቆ እየተዘዋወረ የሰዎቹን ፊት፣ የቤታቸውን ውስጥ፣ የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አንሥቷል። ግድቡን ያሠራው ባለሥልጣን ራሱ ነበር ፎቶግራፉን ያስነሣው። ስለዚህ ያ ሕዝብ ሳይታይ ተነሣ ለማለት አይቻልም። ታይቷል፤ ተመዝግቧል፤ ከዚያም ተነሥቷል።

ባለ መሬቶቹ ዋጋ ተከፍሏቸዋል። ዋጋውን የሚወስኑት ግን የባለሥልጣኑ ገማቾች ነበሩ፤ መከራከርና ዋጋ ማስጨመር አልነበረም። አልቀበልም ያለ ሰው መሬቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይወሰድ ነበር። ግምቱም የተሠራው መሬት እጅግ በረከሰበት በድቀት ዘመን ነው። ይህ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ጭሰኛው የደረሰበት ነው። ጭሰኛ የሚለው ቃል ለአገራችን አንባቢ ሐተታ አያሻውም፤ የአገራችን ተማሪዎች በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ስለ ጭሰኛው ነበርና። በሎይስተን ዙሪያም የሰው መሬት በእርቦና በሲሶ እያረሰ የሚኖር ሕዝብ ብዙ ነበር። ይህ ሰው ስሙ በመሬት መዝገብ ላይ ስለሌለ ካሳ አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው ማሳ ሲሰጥም ገንዘቡ ለባለ ርስቱ ይሄዳል፤ እሱ ግን ልጆቹንና ዕቃውን ጭኖ ሌላ የሚያሳርሰው ሰው ፍለጋ ይወጣል። የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት ማስፋፊያ ክፍል ከባለሥልጣኑ ጋር ተዋውሎ ለተነሺዎቹ ምክር ሰጥቷል። ምክሩን አንንቅም፤ ነገር ግን ምክር ለልጅ እራት አይሆንም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር እጅግ ያስደነቀን አለ። ውኃው ከመተኛቱ በፊት ከ5000 በላይ መቃብሮች እየተቈጠሩ፣ ዘመድ እየተጠየቀ፣ ዐፅሙ በመንግሥት ወጪ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የሙታንን ክብር መጠበቅ በማንም ሕዝብ ዘንድ የተገባ ነው። ግን አንድ መሥሪያ ቤት አምስት ሺህ መቃብር አንድ በአንድ ቈጥሮ ማዛወር ከቻለ፣ በሕይወት ያለውን ጭሰኛ አንድ በአንድ ቈጥሮ መካስ እንዴት ያቅተዋል? የጐደለው ዐቅም አልነበረም። ሕጉ የሚያውቀው ባለ ርስቱን ስለ ነበር ጭሰኛው ከመዝገቡ ውጭ ቀረ።

ሌላም ገጽ አለ። በኤሌክትሪክ ያሸበረቀችው የኖሪስ ከተማ ለጥቁር አሜሪካውያን ዝግ ነበረች። በግድቡ ሥራ ላይ ጥቁሮች ተቀጥረዋል፤ ባለሥልጣኑም እንደ ሕዝቡ ቍጥር መጠን እንቀጥራለን ይል ነበር። የተሰጣቸው ሥራ ግን በአብዛኛው የጕልበት ሥራ ሲሆን በኖሪስ ከተማ ግን እንዲኖሩ አልተፈቀደላቸውም። ለጥቁሮች መብት የሚታገለው ብሔራዊ ማኅበር ቻርልስ ሂውስተንንና ጆን ዴቪስን ልኮ ነገሩን አስመርምሮ በ1934 በመጽሔቱ ላይ አጋልጧል። የግድቡ ገንዘብ ከሕዝብ ሁሉ የተሰበሰበ ነው፤ ከጥቁሩም ከነጩም። የሕዝብ ሥራ ተብሎ የተጀመረ ነገር ከሕዝቡ ከፊሉን በር ላይ የሚያስቀር ከሆነ የሕዝብ የሚለው ስም ምን ይሠራለታል?

ይህን የሚያነብ አንዳንድ ጓደኛችን «ታዲያ ግድቡ ባይሠራ ይሻል ነበር?» ብሎ እንደሚጠይቀን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም አይሻልም ነበር የሚል ነው። የኖሪስ ግድብ ጐርፉን ይዞ ከታች ያሉትን ከተሞች ረድቷል፤ ኃይል ሰጥቷል፤ ለብዙ ሺህ ሥራ አጥ እንጀራ ሆኗል። በ1935 ከአሥር አንድ ቤት ብቻ የነበረው የገበሬ መብራት፣ የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያው መሥሪያ ቤት ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ብድር እየሰጠ ስለ ሠራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአሥር ዘጠኝ ቤት አልፏል። ይህን የሚክድ ሰው ከእውነት ጋር ተጣልቷል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። ዕዳው የወደቀው ሊሸከመው በማይችለው ሰው ላይ ነበር። በከተማ ያለው ነጋዴ መብራቱን በረከሰ ዋጋ ሲያገኝ ከወንዙ ዳር የተነሣው ገበሬ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች ሰፍሮ የኤሌክትሪኩን ገመድ በትዕግሥት ይጠብቅ ነበር። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረታችን ለቴኔሲ ሕዝብም የተተረተ ይመስላል። መሥዋዕትነት ያስፈልጋል የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሥዋዕቱ ሌላ ሰው መሆኑን ይረሳል። ለአገር ልማት መሥዋዕት መሆን ክብር ነው ከተባለም፣ ክብሩ ዋጋ ተከፍሎት፣ ተጠይቆና ተስማምቶ ለሚሰጥ ሰው እንጂ ከቤቱ ለሚነቀል ጭሰኛ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ወረቀት ባላባከንንበት። ነገር ግን የአንድን ወንዝ ሸለቆ በአንድ ባለሥልጣን ሥር አድርጎ የማልማቱ አሳብ ከቴኔሲ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገር ሄዷል። ህንድ በ1948 የዳሞዳርን ሸለቆ ድርጅት በዚሁ አብነት አቋቋመች። በአገራችንም የቆቃ ግድብ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1960 ሥራ ከጀመረ በኋላ በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ግድቡ ለከተሞቻችን መብራት ሰጠ፤ በሸለቆው የሸንኮራ አገዳና የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። ይሁን እንጂ በበጋ ከብቶቹን በአዋሽ ዳር የሚያሰማራው የአፋር አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱ ለእርሻ ተወሰደበት። እሱም እንደ ሎይስተኑ ጭሰኛ በመዝገብ የተጻፈ የመሬት ወረቀት አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቅ ሲመጣ መሸሻ የነበረው የወንዝ ዳር ሣር በእጁ አልነበረም፤ የደረሰበትንም እልቂት ሁላችንም እናውቃለን። ከቴኔሲ ጥበቡን ስንቀዳ የአመዘጋገቡንም ጕድለት አብረን ቀድተናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ወደ ተማሪዎች ይመጣል። ገማቹ ማን ነበር? መሬቱን የለካው፣ ካርታውን ያነሣው፣ ምክሩን የሰጠው፣ የካሳውን ደንብ ያረቀቀው ማን ነበር? ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም ይሆናል፤ የተማረውን በታማኝነት ሠርቷል። የውኃውን መጠን አሳምሮ አስልቷል። ግን ከሚያሰላው ነገር መካከል ሰውየውን ጨምረህ አስላ ብሎ ያስተማረው አልነበረም። ነገ ሜትሩን፣ ካርታውንና ብዕሩን የምንይዘው እኛ ነን። ከምህንድስና፣ ከእርሻ፣ ከሕግና ከኢኮኖሚክስ ክፍል የምንመረቀው ሁሉ አንድ ቀን በአንድ ሎይስተን ላይ እንፈርማለን። ያን ቀን «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ማለት እንዳይመጣ ከአሁኑ መዘጋጀት አለብን።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና፣ ለጓደኞቻችን አንድ አደራ አለን። መምህራኖቻችን የግድብን፣ የመንገድንና የመስኖን ሥራ ሲያስተምሩን የወጪውንና የገቢውን ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን የተነሺውንም ዝርዝር እንድንሠራ ያስገድዱን። ባለ ወረቀቱን ብቻ አንቍጠር፤ አራሹንም፣ እረኛውንም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋንም እንቍጠር። ጓደኞቻችን ደግሞ ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ ልንሰበስብ ወደ ገጠር ስንወጣ በየሄድንበት የሕዝብ ሥራ ላይ ሥራውን ያገኘው ማን ነው፣ ጥቅሙ የሚደርሰው ለማን ነው፣ ለሥራው ሲባል የተነሣውስ ማን ነው፣ አሁንስ የት ይኖራል ብለን እንጠይቅ። መልሱን ጽፈን እንመለስ። ይህ ጋዜጣችን ገጹ ጠባብ፣ ወረቀቱም የብዜት መኪና ወረቀት ቢሆንም ለእንዲህ ያለው ዘገባ ቦታ አያጣም።

የኖሪስ ግድብ ዛሬም ቆሟል፤ ዛሬም ኃይል ይሰጣል። ሐይቁ በጣም በሚሰፋበት ቦታ ሰዎች የሎይስተን ባሕር ይሉታል። ከተማይቱ የቀረችው በስም ነው። በጀልባ የሚሄደው መንገደኛ ከሥሩ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን የነበራት ከተማ እንደ ነበረች ላያስብ ይችላል፤ እሱን አንወቅሰውም። እኛ ግን አንብበናል፤ አናውቅም ነበር ለማለት ከእንግዲህ አይቻለንም።